የነጩ መብራት በረከትና ጣጣ

ወላይታ ሶዶ ላይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ ለመብራት ፈተና ነው። በየቤቱ ምጣዱ ይሰካል፣ ምድጃው ይግላል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ያን ጊዜ በድሮው የክር አምፖል የሚጠቀም ቤት ሁሉ ብርሃኑ ከቢጫ ወደ ቀይ ሲያሽቆለቁል ቁጭ ብሎ ያያል። ዓይናችን ተታሎ አይደለም። የክር አምፖል የሚያበራው ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ግላ ነው፤ ቮልቴጁ አሥር በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ የሚወርደው ሠላሳ በመቶ ገደማ ነው። 220 መሆን የነበረበት 180 ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ግማሹ ብርሃን የለም። በዚያ ብርሃን ደብተር የገለበጠ ተማሪ፣ በዚያ ብርሃን ምስር የለቀመች እናት የምለውን ያውቁታል።

ከኃይል ምንጭ የራቅን ሰዎች ብንሆን ኖሮ ነገሩን ዝም ብለን በቻልነው ነበር። ግን አይደለንም። ግልገል ጊቤ ሦስት በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞ ወንዝ ላይ ነው የቆመው፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነበር። ከዚያ የሚነሳው ከፍተኛ መስመር ወደ ሶዶ ይመጣል። ከሶዶ ደግሞ ወደ ኬንያ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ተዘርግቶ፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ይሸጥበታል። ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ የእኛ ቤት ለምን ይፈዛል?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ችግሩ ግን በትልቁ መስመርና በጣሪያችን መካከል ነው ያለው፤ የደከመ ትራንስፎርመር፣ የዘመመ የእንጨት ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ ቤት የተቀጠለበት ቀጭን ሽቦ አለ። እነዚህን ተራው ሰው በእጁ አይቀይራቸውም። በእጁ የሚቀይረው አምፖሉን ነው። ለዚህ ነው የአምፖል ነገር እንደ ትንሽ ነገር የማላየው።

አምፖል መቀየር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ፣ በአገሪቱ የኃይል እጥረት በጸናበት ጊዜ፣ የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን የክር አምፖል እየተቀበለ ጥምዝምዙን ኃይል ቆጣቢ አምፖል በነጻ ሰጥቶ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር አምፖል ነው የታደለው። ሐሳቡ ቀላልና ትክክል ነበር፦ ማታ ማታ የሚፈለገውን ኃይል ለማብዛት ግድብ እስኪጠናቀቅ ከመጠበቅ፣ የሚባክነውን ከየቤቱ መሰብሰብ። ያ ጥምዝምዝ አምፖል ግን የራሱ ጣጣ ነበረው። ሲበራ ቀስ ብሎ ይነቃል፤ ሲሰበር ደግሞ ውስጡ ያለው ሜርኩሪ ያሰጋል። ብዙ ሳይቆይ ኤልኢዲ መጣና ገበያውን ወረሰው።

ወደ እኛ ቤት ኤልኢዲ የገባው በጊፋታ ሰሞን ነው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ ይውላል። ወንዶች ለሠንጋ መግዣ፣ ሴቶች ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ ይቆያሉ፤ በዓሉ ሲቃረብ ቤት ይለሰናል፣ ግቢ ይጠረጋል። ወንድሜ ከሥራ ቦታው ለበዓሉ ሲመጣ «ዘንድሮ ቤቱን በሙሉ ኤልኢዲ እናደርገዋለን» አለ። እማዬ የድሮውን አምፖል ብትወድም ልጇ በገንዘቡ ቤቷን ላድስ ሲል እንዴት እምቢ ትበል? ተያይዘን ወደ ሶዶ መርካቶ ወረድን።

አምፖል የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ባለሱቁ ግድግዳው ላይ ሶኬት የተደረደረበት ሰሌዳ አለው። የተለያየ አምፖል ይሰካበትና በአንድ ጊዜ ቦግ ያደርገዋል። ገዢው ዓይኑን አጥብቦ ያያል፤ ይበልጥ ያንጸባረቀውንና ይበልጥ የነጣውን ይመርጣል። ካርቶኑን የሚያነብ ጥቂት ነው። ካርቶኑ ላይ ግን ዋናው ነገር ተጽፏል፦ ስንት ዋት ይበላል፣ ስንት ሉመን ብርሃን ይሰጣል፣ ቀለሙ ስንት ኬልቪን ነው። የድሮው 60 ዋት የክር አምፖል 800 ሉመን ገደማ ይሰጥ ነበር፤ ያንኑ ያህል ብርሃን ዛሬ ደህና ኤልኢዲ በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። 2,700 ኬልቪን የሚለው እንደ ድሮው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ገበያው ውስጥ «ቢጫ» ወይም «ዋርም» ይሉታል። 6,500 የሚለው ነጩ ነው፤ ወደ ሰማያዊም ይነካካል። ሻጩ ለወንድሜ የመረጠለት ይህን ነጩን ነበር፤ «ሁሉም የሚወስደው ይሄን ነው» አለ።

ማታ ሁሉም ክፍል ሲበራ ሳሎናችን ፋርማሲ መሰለ። የግድግዳው ስንጥቅ፣ የጣሪያው የጢስ ምልክት፣ የእያንዳንዳችን ፊት ላይ ያለው መስመር ሁሉ ወጣ። ጎረቤቶች ለበዓል እንደሚመጡ መጥተው «ውይ፣ እንዴት ደመቀ!» እያሉ ገቡ። እማዬ ግን ጋቢዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። «ልጄ፣ ይሄ ብርሃን እኔን ያየኛል እንጂ አያሳየኝም» አለችው ወንድሜን። ሁላችንም ዝም አልን። ልክ ነበረች። ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ማታ ማታ ሰውነት ለእንቅልፍ እንዳይዘጋጅ እንደሚያውክ የተረጋገጠ ነገር ነው፤ በዕድሜ የገፋ ዓይን ደግሞ ጸዳሉ ይበልጥ ይወጋዋል።

የዚያን ሌሊት ሌላ ነገር መጣ። እማዬ መኝታ ቤቷን መብራት አጥፍታ ተኛች፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ግድም ተነስታ በራችንን አንኳኳች። «እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ እሱ ግን አልጠፋም» አለች። ገብተን ስናይ እውነትም አምፖሉ ጠፍቶ አልጠፋም፤ ደብዘዝ ያለች ጭላንጭል ውስጡ ትንቀጠቀጣለች። ማብሪያ ማጥፊያውን ደጋግመን ብንጫን ያው ነው። እማዬ ጸሎት ጀመረች። ወንድሜ አምፖሉን ፈትቶ አስቀመጠውና ሁላችንም ተኛን።

ጠዋት የሰፈራችንን ኤሌክትሪሺያን ጠራነው። ወጣት ልጅ ነው፤ በቴስተሩ የአምፖል መያዣውን ነካ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ከፈተና አየ። «እማማ፣ አምፖሉ ምንም አልሆነም። ማጥፊያው የተቀጠለው በኒውትራሉ ላይ ነው» አላት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ትክክለኛ ቅጥያ ማጥፊያው ፌዙን፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ፣ እንዲቆርጥ ያደርጋል። የእኛ ቤት ግን ገና ሲሠራ ሽቦው ተገልብጦ ኖሯል። ስናጠፋው የሚቆረጠው መመለሻው፣ ማለትም ኒውትራሉ፣ ብቻ ነው፤ ፌዙ አምፖሉ ድረስ ቀጥ ብሎ መጥቶ ቆሟል። ከዚያ በግድግዳው ውስጥ የምታልፍ በጣም ትንሽ ኃይል የክሩን አምፖል አታግለውም፤ ለኤልኢዲ ግን ለጭላንጭል ትበቃዋለች።

እኔ እዚህ ላይ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ስንት ዓመት እኛ ቤት «አጥፍቻለሁ» ብሎ ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖል የቀየረ ሰው እጁን ሕይወት ያለው ሽቦ አጠገብ እያደረገ ነበር። የክሩ አምፖል ይህን አደጋ ደብቆት ኖረ፤ ኤልኢዲው በአንድ ሌሊት አወጣው። እማዬን ያስደነገጠ ጭላንጭል ምናልባት የአንዳችንን ሕይወት አትርፏል። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ቤትህ ውስጥ ጠፍቶ ጭል ጭል የሚል ኤልኢዲ ካየህ አምፖሉን ከመጣልህ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥራ። አንዳንዴ ጭላንጭሉ የሚመጣው ማጥፊያው ላይ ካለችው ትንሿ ጠቋሚ መብራት ነው፤ እሷ አታሰጋም። የፌዙ መገልበጥ ግን ዛሬ ነገ የማይባልበት ነገር ነው።

ገመዱ ተስተካክሎ፣ የመኝታ ቤቱና የሳሎኑ አምፖል በቢጫው ተተክቶ ሰላም ወረደ ስንል ቦዲቲ በኩል ያለችው አክስቴ ደወለች። አክስቴ የአንድ ቀን ጫጩት ገዝታ ታሳድጋለች። ጫጩቶቹን በካርቶንና በጣውላ በከለለችው ጥግ አድርጋ ከላያቸው 100 ዋት የክር አምፖል ታንጠለጥል ነበር። ልጇ የእኛን ቤት ድምቀት አይቶ ሄዶ ኖሮ፣ የእናቱን ወጪ ለመቀነስ ብሎ ያን አምፖል በኤልኢዲ ቀየረው። ልጁ ደግ አሰበ፤ ወጪውም እውነት ይቀንስ ነበር። ስንደርስ ግን ጫጩቶቹ ከአምፖሉ ሥር አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረው፣ ክንፋቸውን ጥለው ይጮኻሉ። ከታች ያሉት ሊታፈኑ ደርሰዋል። ብርሃኑ እንደ ቀን ነው፤ እጄን ዘርግቼ ከአምፖሉ ሥር ሳደርገው ግን ምንም ሙቀት የለም።

የክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው አምስት በመቶ ገደማውን ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ነው። ለሳሎን ይህ ብክነት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ለሚፈልግ ጫጩት ግን እናት ነው። አንዲት ጎረቤት ከሰል አቀጣጥላ ልታስገባ ስትል አክስቴ ከለከለቻት፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጢስ ለጫጩቱም ለሰውም መርዝ ነውና ደግ አደረገች። የድሮው አምፖል ከመደርደሪያ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። ክምሩ ቀስ በቀስ ሲፈታ፣ አንዱ ጫጩት ተለይቶ ወደ ውኃው ሲሄድ አየን። ጥቂቶቹ አልዳኑም፤ አብዛኞቹ ግን ተረፉ። ዶሮ የሚያረባ ሰው ይህን ልብ ይበል፦ ኤልኢዲ ለትልልቆቹ ዶሮዎች ቤት ግሩም ብርሃን ነው፤ ለጫጩት ማሞቂያ ግን አይሆንም። የክር አምፖል የማይገኝ ከሆነ በገለባ የታሸገ ሳጥን ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት እንዲሞቁ ያደርጋል።

ከዚያ ስንመለስ ሶዶ ላይ ቁርጥ ልንበላ ገባን። ሶዶ መጥቶ ቁርጥ በዳጣ ሳይበላ የሚሄድ እንግዳ ማነው? ሥጋ ቤቱ መብራቱን በአዲስ ነጭ ኤልኢዲ ቀይሯል። ከፊታችን የነበሩ አንድ አባት ከተሰቀለው ሥጋ አስቆርጠው ትሪውን ተቀበሉና ወደ ደጅ ይዘውት ወጡ፤ በቀን ብርሃን አገላብጠው አይተው ተመለሱ። ባለሥጋ ቤቱ ቅር አለው። «አባባ፣ ዛሬ ጠዋት የታረደ ነው እኮ!» አላቸው። እሳቸውም «አውቃለሁ ልጄ፤ እዚህ ውስጥ ግን አመድ መስሎ ታየኝ» አሉ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ነጭ ኤልኢዲ ውስጥ ያለችው ቺፕ የምትሰጠው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ከላይዋ የተቀባው ቢጫ ቅብ ከሰማያዊው ከፊሉን ይለውጠዋል፤ ሁለቱ ተደባልቀው ለዓይናችን ነጭ ይሆናሉ። በርካሹ ዓይነት ውስጥ ቀዩ ብርሃን በጣም ያንሳል። ቀይ ብርሃን ያላረፈበት ሥጋ ደግሞ ቀይ ሆኖ ሊታይ አይችልም። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ የሚል ቁጥር የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ 100 ከሆነ ቀለም ሁሉ በትክክል ይታያል ማለት ነው፤ 80 ለቤት ይበቃል፤ ለሥጋ ቤት፣ ለልብስ ሰፊ፣ ለአትክልት ሻጭ 90 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል። የሥጋው ቀለም ያሳሰባቸው አባት ይህን ቁጥር ባያውቁትም ዓይናቸው አውቆታል።

አሁን ደግሞ ወደ ትልቁ ቅሬታ ልምጣ። «ኤልኢዲ ዕድሜው ረጅም ነው ተባልን፤ የእኛው ግን በወሩ ተቃጠለ» የማይል ሰው የለም። ካርቶኑ 15 ሺህ ወይም 25 ሺህ ሰዓት ይላል፤ የክሩ አምፖል አንድ ሺህ ሰዓት ገደማ ነበር። ከወንድሜ አምፖሎች ከፊሎቹ በዓሉ ሳያልቅ ሲሞቱ ሰብስቤ ሬዲዮና ስልክ ወደሚጠግን አንድ ወጣት ዘንድ ወሰድኳቸው። ነጩን ሽፋን በቢላ ጫፍ ፈልቅቆ አነሳው። ውስጡ ባለች ክብ ሳህን ላይ ቢጫ ቢጫ ቺፖች ዙሪያውን ተደርድረዋል። ከመካከላቸው አንዷ መሃሏ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለባት። «ይቺ ናት» አለ። ቺፖቹ ተከታትለው የተቀጠሉ ናቸው፤ አንዷ ስትሞት መንገዱ ይቆረጥና ሁሉም ይጨልማል። በሞተችው ላይ ቆርቆሮ አቅልጦ ጠብ አደረገና አገናኛት፤ አምፖሉ ቦግ አለ። «ግን ብዙ አይቆይም፤ የእሷን ሸክም የቀሩት ተሸክመዋል» አለኝ። ሌላውን ከፈተ፤ የዚያኛው ቺፖች ደህና ናቸው፤ አናቷ ያበጠ ትንሽ ካፓሲተር ግን አሳየኝ። ሙቀት ነው የገደላት።

ልጁ ያሳየኝ ነገር የጉዳዩ ልብ ነው። ቺፗ በደህና እጅ ከተሠራች በእርግጥም ብዙ ዓመት ትኖራለች። የሚሞተው ብዙ ጊዜ ከሥሯ ያለው ኃይል ማስተካከያ ነው። ደህና ማስተካከያ ያለው አምፖል ቮልቴጁ ከ85 እስከ 265 ቢዋዥቅ እንኳ ብርሃኑን ሳይቀንስ ይሠራል፤ በሶዶ ምሽት የክሩ ሲቀላ እሱ ንቅንቅ አይልም። ከዚህ የሚበልጥ በረከት ለእኛ ከተማ ምን አለ? ርካሹ ውስጥ ግን ያ ማስተካከያ ተቀንሷል፤ ሙቀት የሚያስወጣው አልሙኒየምም ሳስቷል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያለው ግፊት ይገድለዋል፤ በተዘጋ ግሎብ ውስጥ ሲሆን ሙቀቱ ይገድለዋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ማጥፊያውን አጥፉ፤ መጥቶ እስኪረጋጋ ጥቂት ታገሡ። በተዘጋ ግሎብ ውስጥ አትክተቱት። ይህ ወጪ የለውም፤ ዕድሜውን ግን ያረዝማል።

ከሒሳቡም እንነጋገር። ስድስት የክር አምፖል፣ እያንዳንዱ 60 ዋት፣ በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 54 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። በ9 ዋት ኤልኢዲ ያው ብርሃን 8 ብቻ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ታሪፋችን በእርከን ነው፤ ትንሹ ዋጋ ለመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱም ዋጋ ይጨምራል። በክር አምፖል የሚኖር ቤት ምጣዱን ሳይሰካ፣ በመብራት ብቻ፣ የመጀመሪያውን እርከን ያልፋል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነውና ይህ ልዩነት በየዓመቱ ይበልጥ ይሰማል።

በረከቱ ግን የከተማ ብቻ አይደለም። ሁምቦና አባላ በኩል፣ ምሰሶ ባልደረሰበት ቀበሌ፣ የሣር ቤት ውስጥ ኩራዝ ሲበራ ያደገ ሰው ጠዋት አፍንጫው ውስጥ ጥቀርሻ ያገኝ ነበር። አንድ የተገለበጠች ኩራዝ ቤቱን ከነእህሉ ስትበላ ያየን አለን። ዛሬ በዚያው ቤት ጣሪያ ላይ ደብተር የምታህል የሶላር ሰሌዳ አለች፤ ውስጥ ጥቂት ዋት የምትበላ ኤልኢዲ ትበራለች፤ ስልክም ይሞላባታል። ይህ ሊሆን የቻለው ኤልኢዲ በትንሽ ኃይል ብዙ ስለሚያበራ ነው። ቀዩ ኤልኢዲ በ1962 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ነበር፤ ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊው የግድ ያስፈልግ ነበርና ሠላሳ ዓመት ገደማ ተፈለገ። እሱን ያገኙት የጃፓን ተወላጆች ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በሁምቦ ገጠር ማታ የምታነብ ልጅ ካየሁ ወዲህ ሽልማቱ እንደሚገባቸው ጥርጥር የለኝም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ቀይሩ። ለሳሎንና ለመኝታ ቢጫውን፣ ለሥራ ቦታ ነጩን፣ ለሥጋ ቤት ቀይን የሚያሳየውን ግዙ፤ የጫጩቱን አትንኩ። ካርቶኑን አንብቡ፤ ሻጩ የገዛችሁበትን ቀን አምፖሉ ላይ ጽፎ ዋስትና ካልሰጠ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፉ። ነጋዴዎችም በወሩ የሚሞት አምፖል ድሃውን ደጋግሞ እንደሚያስከፍለው አስቡ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ቁጠባን ጉዳይ መንግሥት እንዲከታተል አድርጓል። የሚመለከታችሁ ባለሥልጣናት ሆይ፣ ቁጥጥሩ ሶዶ መርካቶ ያለው የአምፖል ሰሌዳ ድረስ ይምጣ፤ ሕዝቡ የከፈለበትን ብርሃን ያግኝ።